ከ«ወንጀልና ቅጣት» በኋላ ምን እናንብብ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ አከራያለሁ፤ እሸጣለሁም። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ተማሪ አለ፣ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ከቦሩ ሜዳ የምትመላለስ ነርስ አለች፣ ከኮምቦልቻ በየሳምንቱ የሚመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ አለ። ወደ ሩሲያ ልብወለድ የሚገቡት ብዙ ጊዜ በአንድ በር ነው፦ በዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት»። ሲመልሱት ፊታቸው ላይ ያላደረ እንቅልፍ ይታያል። ከዚያ «እትዬ፣ አሁንስ ምን ልውሰድ?» ይሉኛል።

ብዙ አንባቢ የሚጠፋብን እዚህ ላይ ነው። ሰው ስሙን ደጋግሞ የሰማውን ያነሳል። «ጦርነትና ሰላም»ን ተሸክሞ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ይታገላል፣ ይሰለቻል፣ ይመልሳል። «ሩሲያኖቹ ለእኔ አይሆኑም» ብሎ ጭራሽ ይተዋል። ይሄ ያንገበግበኛል። የሚስማማው ሌላ መጽሐፍ እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ አጠገቡ ነበር።

ስለዚህ እኔ ቀድሜ እጠይቃለሁ። ካነበብከው ውስጥ አልለቅህ ያለው የቱ ነው? ተመልሰህ ያነበብከው ገጽ አለ? ቀጣዩን መጽሐፍ የምመርጠው ከዚህ መልስ ነው። የደራሲው ዝና ለምርጫ አይረዳም፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ ዝነኞች ናቸው።

«ወንጀልና ቅጣት» ለዚህ ጥያቄ ይመቻል። ግድያው የሚፈጸመው በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ገዳዩን ከመነሻው እናውቀዋለን። ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ክፍሎች ሁሉም ሰው የሚያነበው በየራሱ ምክንያት ነው።

አንዳንዱን የያዘው የገዳዩ የራስኮልኒኮቭና የመርማሪው የፖርፊሪ ፍጥጫ ነው። ክርክሩ፣ አእምሮ ላይ የሚደረገው ማሳደድ። ለዚህ ሰው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች»ን እሰጠዋለሁ። የዶስቶየቭስኪ የመጨረሻው ልብወለድ ነው፤ በ1880 ተጠናቀቀ። (የመጻሕፍቱን ዓመት የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) አባት ይገደላል፣ ልጆቹ ይጠረጠራሉ፣ ችሎት ይቀመጣል። ወፍራም ነው፤ አብሽሩ። አንዱ ልጅ አልዮሻ ገዳም ያለ ወጣት ነው፤ አባ ዞሲማ የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴን ያገለግላል። አባ ዞሲማ ሲሞቱ ሕዝቡ ተአምር ይጠብቃል። አስከሬናቸው ግን ይሸታል። ሐሜቱ ገዳሙን ያጥለቀልቀዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስን የተሳለመ፣ ገዳም ምን እንደሆነ የሚያውቅ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ክፍል ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ከብዙ የውጭ አገር አንባቢ እኛ እዚህ ጋ እንቀድማለን ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ደግሞ በሶንያ ልቡ የተነካ ነው። ደግነት በክፉ ዓለም ውስጥ እንዴት ይኖራል የሚለው ያስጨንቀዋል። እሱ ልዑል ሚሽኪንን ይተዋወቅ፤ በዶስቶየቭስኪ «ጅሉ» ውስጥ ያለውን የዋህ ሰው። ሚሽኪን የሚጥል በሽታውን ስዊዘርላንድ ሲታከም ቆይቶ ወደ ሩሲያ ይመለሳል። ደራሲውም ራሱ ይኸው በሽታ ነበረበት፤ ስለዚህ ሕመሙን ሲገልጽ ከውስጥ ነው። መሐሉ ላይ መጽሐፉ ይንዛዛል። አስቀድሜ የምናገረው፣ እዚያ ሲደርሱ ጥፋቱ የራሳቸው እንዳይመስላቸው ነው። መጨረሻው ግን ላነበበው ሰው የሚረሳ አይደለም።

በድህነቱ የተያዘም አለ። የማርሜላዶቭ ቤት፣ የጠበበው ክፍል፣ የወለድ አገዱ ዕቃ። እዚህ ላይ ወደኋላ እመልሰዋለሁ፤ ወደ ጎጎል «ካፖርት»። በ1842 የታተመ አጭር ልብወለድ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። አንድ ምስኪን ጸሐፊ ከአፉ ቀንሶ አዲስ ካፖርት ያሰፋል። በለበሰው በመጀመሪያው ቀን ማታ ይዘረፋል። የደሴን ብርድ የቀመሰ ሰው ካፖርት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወዲያው የዶስቶየቭስኪን የመጀመሪያ ሥራ «ምስኪኖች»ን ያንሱ፤ የ1846 ነው፣ በደብዳቤ የተጻፈ። እዚያ ውስጥ ያለው ድሃ ጸሐፊ ማካር «ካፖርት»ን ያነብና ይናደዳል። ገመናዬን አወጡብኝ ይላል። ሁለቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያነበበ አንባቢ ደራሲዎች በመጻሕፍት ውስጥ እንዴት እንደሚነጋገሩ በዓይኑ ያያል።

«ወንጀልና ቅጣት»ን ወዶት ግን የታመመበትም ብዙ ነው። አንድ የጋራዥ ልጅ «እትዬ፣ እኔንም ትኩሳት ያዘኝ» ብሎኛል። እንዲህ ላለው ሌላ ዶስቶየቭስኪ መስጠት ደግ አይደለም። አየር ያስፈልገዋል። ቱርጌኔቭን ይውሰድ፤ «አባቶችና ልጆች»ን። አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ገጠር ነው፣ ሜዳ ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ትንሽ ልቆይ። በ1862 ታተመ፤ ታሪኩ የሚጀምረው በ1859 ነው፤ የሩሲያ ገባር ነፃ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው። ሁለት ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ ይመለሳሉ። አንዱ ባዛሮቭ ነው። የአባቶቹን ወግ፣ ግጥም፣ ፍቅር፣ ሁሉንም ይክዳል። ደሴ የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ከተማ ናት። እዚያ ተምረው «መሬት ላራሹ» እያሉ ካደጉት ሰዎች ቤት ውስጥ የቀሩ አሉ። ከእነሱ አንዱ መጽሐፉን ወስዶ አነበበ። ቀጥሎ ልጁ ወሰደው። ሁለቱም ለየብቻ መጥተው ስለ አንድ ትዕይንት አወሩኝ። ባዛሮቭ ከሦስት ዓመት በኋላ ወላጆቹ ዘንድ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን እሄዳለሁ ይላል። ሽማግሌው አባቱ ኀዘኑን ለመደበቅ ሲፍጨረጨር ማየት ነው። ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅዳ መጥቶ ሻንጣውን ሳይፈታ የተመለሰበት የወሎ ቤት ስንት ነው።

በባዛሮቭ የተማረከ፣ ሐሳብ ሰውን የት ድረስ እንደሚወስድ ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን «አጋንንት»ን ያንብብ። ዶስቶየቭስኪ የተነሳው ከእውነተኛ ድርጊት ነው፦ በ1869 ሞስኮ ውስጥ ኢቫኖቭ የተባለን ተማሪ የገዛ ጓዶቹ በአብዮተኛው በኔቻዬቭ መሪነት ገደሉት። ቀይ ሽብርን በዕድሜው ያየ ሰው ይህን መጽሐፍ በቀላሉ አይዘጋውም። አጀማመሩ ዝግ ያለ ነው። ለጀማሪ አልሰጠውም፤ ብርቱ አንባቢ ሲሆን ግን አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደ ቶልስቶይ። በረጅሙ መጽሐፍ መጀመር ግዴታ አይደለም። «የኢቫን ኢሊች ሞት» 12 ምዕራፍ ብቻ ነው። አንድ የተከበረ ዳኛ ይታመማል፤ ዙሪያው ያለው ሁሉ አይሞትም እያለ ይዋሻል። የማይዋሸው ጌራሲም የሚባለው የገበሬ ልጅ አገልጋዩ ነው። ነርሷ ደንበኛዬ ይህን ካነበበች በኋላ ሌሎች ነርሶችን ይዛ መጣች።

ቀጥሎ ለወሎ አንባቢ የምሰጠው «ሐጂ ሙራት»ን ነው። ሰው ይህን መጽሐፍ ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም። 25 አጫጭር ምዕራፎች ነው። ቶልስቶይ ከ1896 ጀምሮ ለዓመታት ሲጽፈው፣ ሲያርመው ኖረ፤ ሳያሳትመው ሞተ። በ1912 ወጣ።

ሐጂ ሙራት በእውን የነበረ ሰው ነው፤ የካውካሰስ ተራራማ አገር ሙስሊም የጦር መሪ። ሩሲያን ከሚዋጋው ከኢማም ሻሚል ጋር ተጣልቶ ለሩሲያኖች እጁን ይሰጣል። ቤተሰቡ ግን በሻሚል እጅ ነው። ሩሲያኖቹ ያከብሩታል፤ አያምኑትም። ወደየትም ቢዞር ገደል ነው። ቶልስቶይ የሩሲያ መኮንን የነበረ ክርስቲያን ሆኖ ይህን ሰው ሲሰግድ፣ ልጁን ሲናፍቅ የጻፈበት አክብሮት ያስገርመኛል። አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ ላለን ለእኛ ይህ ዓይን እንግዳ አይደለም።

መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ሐጂ ሙራት በማታ አንድ መንደር ደርሶ ሳዶ ከሚባል ሰው ቤት ያድራል። እሱን ማሳደር ሞት ሊያመጣ ይችላል። ሳዶ ግን እንግዳውን በመጠበቁ ደስ ይለዋል። ዓይኑ የሚያበራ ልጅ አለው፤ ልጁ ሐጂ ሙራትን አይቶ አይጠግበውም። ወደ ኋላ፣ በ17ኛው ምዕራፍ፣ የሩሲያ ወታደሮች መንደሩን ካቃጠሉት በኋላ ሳዶ ይመለሳል። ልጁ ተገድሏል። ምንጩ ተበክሏል፤ መስጊዱም እንደዚያው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ምን እንደሚያደርጉ ይመክራሉ። ምዕራፏ እጅግ አጭር ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ድረስ ከገባ በኋላ ይህን ያነበበች አንዲት ደንበኛዬ ገጹን እንደገለጠች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄን ማን ነገረው?» አለችኝ። ቶልስቶይ በ1851 ወጣት ሆኖ ካውካሰስ ነበር። ያየውን ነው የጻፈው።

ከዚህ በኋላ «አና ካሬኒና» አይከብድም። ስምንት ክፍል ነው። ብዙ ሰው የአናን ታሪክ ተከትሎ የሌቪንን ይዘላል። እባካችሁ አትዝለሉት። በሦስተኛው ክፍል ሌቪን ከገበሬዎቹ ጋር ሣር ሲያጭድ የሚውልበት ቀን አለ፤ ደቦ የወጣ ሰው ያንን ድካምና ያንን ደስታ ያውቀዋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ያው ጥያቄ ይመጣል። አና ናት የያዘቻችሁ? የቼኾቭን «ባለ ውሻዋ እመቤት» አንብቡ፤ ጥቂት ገጽ ነው፣ የ1899። ሌቪን ነው? እንግዲያው ለ«ጦርነትና ሰላም» ደርሳችኋል።

«ጦርነትና ሰላም»ን ክረምት ላይ ጀምሩት። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድና መውጫ ሲጠፋ ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ትዕይንት በ1805 የተደረገ የመኳንንት ግብዣ ነው። ሰው ሁሉ በፈረንሳይኛ ያወራል፣ ስም በስም ላይ ይደራረባል። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ሦስት ቤተሰብ ብቻ ያዙ፦ ሮስቶቭ፣ ቦልኮንስኪ፣ ቤዙኾቭ። ሌላው በራሱ ጊዜ ይጠራል። የመጀመሪያው ጥራዝ መጨረሻ ላይ ልዑል አንድሬ አውስተርሊትዝ ጦር ሜዳ ቆስሎ ወድቆ ሰማዩን ያያል። እስከዚያ ታገሡ። እዚያም ደርሳችሁ ካልያዛችሁ አስቀምጡት፤ ለሌላ ዓመት ይቆያል። የማጠቃለያው ሁለተኛ ክፍል ስለ ታሪክ ፍልስፍና ነው። እሱን መተው ከታሪኩ ምንም አያጎድልም።

ፑሽኪንን ብዙዎች የሚያነሱት በቅድመ አያቱ በሃኒባል ምክንያት ነው። የትውልድ ቦታው ላይ የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ኢትዮጵያ የሚሉ አሉ፣ ካሜሩን አካባቢ የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ በስሙ አደባባይ አለው። እኔ የምለው አደባባዩን የሚያውቅ ሁሉ «የካፒቴኑ ልጅ»ንም ይወቅ ነው። የ1836 ሥራ ነው፣ አጭር ነው፣ ይሮጣል። አንድ ወጣት መኮንን በበረዶ ውሽንፍር መንገድ ያሳየውን መንገደኛ በጥንቸል ቆዳ ካፖርት ያመሰግናል። መንገደኛው የአመፁ መሪ ፑጋቾቭ ሆኖ ይገኛል። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ የመጀመሪያ ሩሲያዊ መጽሐፍ ይህን ነው የምመርጥለት።

ከሶቪየት ዘመን ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ጊዜ የለኝም ለሚል ሰው የሶልዠኒትሲን «በኢቫን ዴኒሶቪች ሕይወት አንድ ቀን» አለ። በ1962 ታተመ። አንድ እስረኛ፣ አንድ ቀን፣ ከመነሻ ደወል እስከ መኝታ። የዳቦ ቁራሽ ፍራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ ታያላችሁ። የቡልጋኮቭ «ማስተርና ማርጋሪታ» ደግሞ ሰይጣን በ1930ዎቹ ሞስኮ መጥቶ ከተማዋን ሲያምስ ነው። ደራሲው በ1940 ሞተ፤ መጽሐፉ መታተም የጀመረው በ1966 ነው፣ ያውም ተቆርጦ። መጀመሪያ የጎጎልን «የሞቱ ነፍሳት» አንብቡ። ቡልጋኮቭ በአጻጻፉ የጎጎል ተማሪ ነው። «የሞቱ ነፍሳት» ላይ ቺቺኮቭ የሚባል ሰው የሞቱ ገባሮችን ስም ከባለርስቶች እየዞረ ይገዛል፤ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ መዝገብ ላይ በሕይወት ስላሉ፣ በእነሱ መያዣነት ብድር ሊወስድ። የጭሰኛና የባለርስት ዘመንን ከአያቱ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት መግቢያ አይፈልግም። የጎርኪን «እናት» የሚጠይቁኝ በአብዛኛው በደርግ ጊዜ ወጣት የነበሩ ናቸው። ያንን ትውልድ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ሩሲያን ለመውደድ ግን ከእሱ አልጀምርም።

መጽሐፉን ከመረጣችሁ በኋላ ትርጉሙን መርምሩ። መሐል ላይ ገልጣችሁ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ገጽ ፈልጉ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ሰው እንደሚያወራ ከሆነ ውሰዱት። ቀጥሎ መጽሐፉ ተቆርጦ እንዳይሆን ክፍሎቹን ቁጠሩ። «ወንጀልና ቅጣት» ስድስት ክፍልና ማጠቃለያ ሊኖረው ይገባል። «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» 12 መጽሐፍና ማጠቃለያ ነው። «ጦርነትና ሰላም» አራት ጥራዝና ባለ ሁለት ክፍል ማጠቃለያ። ከዚህ የጎደለ ካለ ያጠረ ነው። ያጠረ ማንበብ ነውር የለውም፤ አውቆ መግዛት ግን ያስፈልጋል።

በአማርኛ ያጣችሁትን በእንግሊዝኛ አንብቡ። የኮንስታንስ ጋርኔት ትርጉሞች ቆየት ያሉ ናቸው፤ ብዙዎቹን ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ወደ ስልክ ማውረድ ይቻላል። እንግሊዝኛዋ ለስላሳ ነው፣ ለእኛ አይከብድም። ለቶልስቶይ ሉዊዝና ኤልመር ሞድን እመርጣለሁ፤ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሩሲያ ኖረዋል፣ ቶልስቶይን በአካል ያውቁት ነበር። ፒቪየርና ቮሎኾንስኪ አዲሶች ናቸው፤ የዶስቶየቭስኪን ሻካራነት አያለሰልሱም። እንግሊዝኛው ለጠነከረ ሰው እነሱ ይሻላሉ።

ስሞቹ አያስፈሯችሁ። ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሮድዮን ሮማኖቪች የሮማን ልጅ ሮድዮን ማለት ነው። ሶፊያ ሴምዮኖቭና የሴምዮን ልጅ ናት። እኛም የምንጠራው በአባት ስም ነውና ለመልመድ ቀላል ነው። የሚያደናግረው የቁልምጫው ነው፦ ሮድዮን ሮድያ ይሆናል፣ ሶፊያ ሶንያ፣ ዲሚትሪ ሚትያ፣ አሌክሴ አልዮሻ። ወረቀት ላይ እየጻፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡት። ከእኔ ሲከራዩ የቆዩ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳገኝ አላወጣውም፤ ለሚቀጥለው አንባቢ ይጠቅመዋል።

ይህን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ሰው ሲመጣ የቫሲሊ ግሮስማንን «ሕይወትና ዕጣ ፈንታ» እነግረዋለሁ። የስታሊንግራድ ጦርነት ዘመን ልብወለድ ነው። በ1961 የጸጥታ ሰዎች የእጅ ጽሑፉን ከደራሲው ቤት ወሰዱት፤ የታይፕ ሪባኑን ሳይቀር። ግሮስማን ታትሞ ሳያየው ሞተ። በ1980 ስዊዘርላንድ ውስጥ ወጣ። ገጹ ብዙ ነው፣ ሰዎቹም ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የአንደኛውን ክፍል 18ኛ ምዕራፍ ለብቻው አንብቡት። የጀርመን ጦር በያዘው ከተማ የታጠረች እናት ለልጇ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ከዚያ ወደ አንደኛው ምዕራፍ ተመልሳችሁ ጀምሩ።